ድግሩን ያላወቀች የገበሬ ልጅ

በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ሁለት ጊዜ ቀርቤአለሁ። መጀመሪያ አሸነፍኩ፤ ቀጥሎ ተሸነፍኩ። ወረታ ውስጥ ሰው የሚያስታውሰው ሁለተኛውን ነው፤ አልፈርድበትም።

ነገሩ የተበላሸው ግን ባሸነፍኩበት ቀን ነው። አቅራቢው፣ ሳቅ የማያልቅበት ጎልማሳ፣ ገና ጥያቄ ሳይጀምር "ቤተሰቦችሽ በምን ይተዳደራሉ?" አለኝ። "በግብርና" አልኩት። ከፎገራ ሜዳ መጣሁ ካሉት በኋላ ሰው የሚጠብቀው ሩዝና ከብት ነው፤ የሚጠብቀውን ሰጠሁት። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አባቴም በሕይወት ሳለ ሸማኔ ነበር። በሬ ጠምደን አናውቅም፤ የሚታረስ መሬትም አልነበረንም።

በእኛ አገር የሸክላ ሠሪዋን ድስት ይገዛሉ፣ ልጇን አያገቡም። ዓይኗ ይበላል እያሉ ሕፃን ከፊቷ ይሸሽጋሉ። ይፋግ ገበያ ከእናቴ ጋር ስሄድ ዕቃውን አራግፌ ራቅ ብዬ መቆም የጀመርኩት ገና ተማሪ ሳለሁ ነው፤ መምህርት ከሆንኩ በኋላም አልተውኩትም። ባልደረቦቼ "ይኼ እኮ ድሮ ቀረ" ይሉኛል። ድሮ ከቀረ እኔን ምን አስዋሸኝ?

የመጀመሪያው ውድድር ሲተላለፍ እናቴ ጎረቤት ሄዳ አየችው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችን ላይ ጭቃ ስትረግጥ አገኘኋት። እግሯን ከጭቃው ሳታነሣ ራሴን ጎንበስ አድርጋ ሳመችኝ።

"ደግ መለስሽ" አለችኝ። ትንሽ ረገጠችና ደግሞ፣ "ለመሆኑ በሬዎቻችን ደኅና ናቸው?"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ቀልድ ትወዳለች፤ ይህን ግን ከተናገረች በኋላ ቀና ብላ አላየችኝም። ከዚያ ወዲያ ስለ ውድድሩ ሰው ሲያነሣባት "እሷን ጠይቋት" ማለት አበዛች። አሳዘነችኝ፤ ይበልጥ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ። ለሁለተኛው ውድድር ስመለስ፣ አቅራቢው እንደገና ሲጠይቀኝ፣ አርማለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

እሱ ግን አልጠየቀኝም። "ያለፈው ዙር አሸናፊያችን፣ የፎገራዋ የገበሬ ልጅ!" ብሎ አስጨበጨበልኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። ጭብጨባው ሲበዛ ፈገግ ብዬ ዘጋሁት።

ተፎካካሪዬ ቀጭን፣ ረጋ ያለ ወጣት ነበር። እስከ መጨረሻው እኩል ሄድን። የመጨረሻውን የጥያቄ ዘርፍ የመምረጥ ተራው የእኔ ነበር። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ጂኦግራፊም ከዘርፎቹ አንዱ ነበር። አቅራቢው ግን "መቼም የገበሬ ልጅ ግብርናን ትታ የትም አትሄድ" አለና አዳራሹ ሳቀ። ሌላ ብመርጥ ውሸቴ ፊቴ ላይ የሚነበብ መሰለኝ። "ግብርና" አልኩ።

"ከማረሻው ግራና ቀኝ ሆነው አፈሩን ወደ ጎን የሚገፉት ሁለት እንጨቶች ምን ይባላሉ?"

ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ማነቆ፣ ድግር። ስሞቹን ሁሉ ስሰማ ነው ያደግሁት። የትኛው የት እንደሚገባ ግን ያሳየኝ የለም፤ ገበሬ ዕቃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲያልፍ ከሩቅ አያለሁ እንጂ ነክቼው አላውቅም። ግራና ቀኝ፣ ሁለት እንጨት።

"ማነቆ" አልኩ።

ማነቆ ከቀንበሩ ወርዶ የበሬውን አንገት ግራና ቀኝ የሚይዘው ነው። ፎገራ ላይ ይህን ጥጃ የሚጠብቅ ሕፃንም አይስተውም። አቅራቢው ከልቡ ደነገጠ። "የገበሬ ልጅ ሆነሽ ድግርን?" አለኝ።

"የገበሬ ልጅ አይደለሁም" አልኩት። "እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ባለፈው ዋሽቼ ነው።"

አቅራቢው "እናመሰግናለን" ብሎ ወደ ወጣቱ ዞረ። ተሸንፌ ስወጣ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም። ሲተላለፍ እናቴ በጆሮዋ ትሰማዋለች ብዬ ቀን መቁጠር ያዝኩ።

በሚተላለፍበት ቀን ጎረቤት ቤት ከጎኗ ተቀመጥኩ። የቤቱ ጌታ አረጋዊ ገበሬ ናቸው፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሳሎኑን ሞልተውታል። ጥያቄው ሲነበብ እናቴ ቀስ ብላ "ድግር" አለች።

"አንች ደግሞ ከየት አወቅሽው?" አሏት ሽማግሌው።

"ዕድሜዬን ይፋግ ገበያ ስውል፣ ከጎኔ የሚሸጡት ምን ሁኖ ነው? ድግር አይደል እንዴ?"

እኔ ቴሌቪዥኑ ውስጥ "ማነቆ" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "በሬውን ማረሻው ላይ ልታስረው ነው" አለ አንዱ። ይሳቁ፤ እኔ የምጠብቀው ቀጥሎ ያለውን ነበር። አቅራቢው "የገበሬ ልጅ ሆነሽ ድግርን?" አለ። ወዲያው ወጣቱ ሽልማቱን ታቅፎ ብቅ አለ።

ያልኩትን ቆርጠውታል።

"ሌላም ነገር ተናግሬ ነበር እኮ" አልኩ።

"አይ ልጄ፣ ተሸናፊማ ወሬ አያጣም" አሉኝ ሽማግሌው፤ ለክፋት አልነበረም።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ "ምንድን ነው ያልሽው?" አለችኝ። አልነገርኳትም። ባልሰማችው ነገር መመስገን አሳፈረኝ። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

በሚቀጥለው የይፋግ ገበያ ድስቱንና እንስራውን በጭነት መኪና ይዘን ወረድን። አራግፌ እንደ ልማዴ ራቅ ብዬ ቆምኩ። አንዲት ገበሬ ሴት መጥታ ድስት አነሣች፤ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን አዳመጠች። ቀና ስትል አየችኝ።

"ይች በቴሌቪዥን የወጣችው አይደለችም? ማነቆ ያለችው?" ብላ ወደ እናቴ ዞረች። "የማን ልጅ ናት?"

እናቴ ለገበያተኛ መልስ አጥታ አታውቅም። ያን ዕለት ግን ያላደፈ እንስራ በቀሚሷ ጫፍ መወልወል ጀመረች። ወለወለች፤ ደግማ ወለወለች። ወደ እኔ አላየችም። እየጠበቀችኝ እንደሆነ ገባኝ።

"የእሷ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ያሰብኩትን ያህል አልወጣም፤ ጠጋ ብዬ ደገምኩት። "እናቴ ናት። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ነኝ።"

ሴትዮዋ እናቴንም እኔንም አየች። ድስቱን ካነሣችበት መልሳ አስቀመጠችና ሌላ ሳትጠይቅ ሄደች።

ገዢ አስመለጥኩባት ብዬ ደነገጥኩ። እናቴ የሴትዮዋን ጀርባ ትንሽ ተመለከተች። ከዚያ ከጎኗ የተደረደሩትን ድስቶች አንድ በአንድ ወደዚያ አሸሸችና ቦታውን በእጇ ጠረገችው።

"ነይ፣ ተቀመጭ" አለችኝ።