ስልቻው ከራሴ በላይ ነበር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ኃጢአቴን ለምዘረዝርላቸው ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ዋሸሁ እላለሁ፣ ሰው አማሁ እላለሁ፣ ጾም ገደፍኩ እላለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይያዛል። ንስሐ አባቴ የአገሬ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው የሚወራው የዋግ ሰው ቋንቋ፣ ኽምጣኛ ነው። እኔ የካድኩት ደግሞ እሱኑ ነው። በምን አፌ ልንገራቸው? ስለዚህ እርስዎ አንባቢዬ፣ የማያውቁኝና የማላውቅዎ፣ እስኪ መጀመሪያ እርስዎ ይስሙኝ።

የሰቆጣ ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ እኔም ድቁና ተቀብዬ ቀድሻለሁ። ቤታችን ውስጥ ከአባቴ ጋር በአማርኛ፣ ከእናቴ ጋር በኽምጣኛ ነበር የምናወራው። በኽምጣኛ ተመርቄያለሁ፣ በኽምጣኛ ተረግሜያለሁ። ትንሽ ትንሽ የምሰማ ሰው አልነበርኩም፤ ይህን ልብ ይበሉልኝ። አዲስ አበባ ገብቼ የወደብ ዕቃ ከሚያስለቅቅ ድርጅት ተቀጠርኩና ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ በአነጋገሬ ሳቀ። በቃ፣ ይህችው ናት። ከዚያ በኋላ "አገርህ የት ነው?" ለሚለኝ ሁሉ "እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግኩ" ማለት ጀመርኩ። እናቴ ስትደውል መጸዳጃ ቤት ገብቼ በር ዘግቼ ነበር የማወራት። አይ እኔ! ሰው ከእናቱ ጋር ለማውራት ይደበቃል?

ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት አለቃዬ ለሁለት ወር ሥራ ጅቡቲ ይዞኝ ሄደ። በባቡር ነበር የሄድነው። ጠዋት ባቡሩ ሊነሳ ሲል አንድ ወጣት አንዲት እናት እየደገፈ አስገባና ከፊት ለፊታችን አስቀመጣቸው። ነጠላቸውን፣ የሹርባቸውን አሠራር፣ የአንገታቸውን ማተብ አይቼ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ የዋግ ሰው መሆናቸውን አወቅሁ። ወጣቱ የወንድማቸው ልጅ ነበር። "እማማ ጸዳለ ይባላሉ" አለን፤ "ልጃቸው ጅቡቲ አግብታ ልትወልድላቸው ነው፤ የመጀመሪያዋ ናት። አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም። አደራ፣ ድንበር ላይ ወርደው ፓስፖርት ሲያስመቱ እንዳይደናገሩ።" አጠገባችን ከነበረው ሁሉ ቀድሞ አንድ ሰው "አታስብ፣ እኛ አለን" አለ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

በእኛ አገር ሴት ልጅ የበኩር ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ምጧን የምትይዝላት እናቷ ናት፣ አናቷን በቅቤ የምትቀባት እናቷ ናት፣ ገንፎዋን የምታገነፋላት እናቷ ናት። ልጅቱ መምጣት ስላልቻለች እናትየው የእናት ቤትን በስልቻ ይዘው ወደ እሷ መሄዳቸው ነበር። ስልቻው ውስጥ የገብስ ዱቄት፣ የተነጠረ ቅቤና ማር ነበረበት። ከባድ ነበር፤ ተቀብዬ ከራሴ በላይ ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። መረቁኝ። የመረቁኝ በኽምጣኛ ነበር፤ እኔም ያልገባኝ ሰው መስዬ ፈገግ አልኩ።

አዋሽን አልፈን በረሃው ውስጥ ስንገባ ባቡሩ ያለ ምክንያት ቆመ፤ ብዙ ቆይቶ ደግሞ ያለ ምክንያት ተነሣ። እማማ ጸዳለ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ በኽምጣኛ ለራሳቸው "እንዲያው ቁርጥ ሟቹን ባሌን! ሲቆምም አይነግር፣ ሲነሣም አይነግር!" አሉ። ሳቄ አመለጠኝ። የምሬን ነው የሳቅኩት፣ እንባዬ እስኪመጣ። እሳቸውም ዞር ብለው አዩኝና ፊታቸው በራ። አለቃዬ "ምን አሳቀህ? የሴትዮዋን ቋንቋ ትሰማለህ እንዴ?" አለኝ። "ኧረ እኔ የት አውቄው! ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው" አልኩ። እማማ ጸዳለ ይህን ያህል አማርኛ እንደሚሰሙ አውቅ ነበር። ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ መለሱ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ክፉ ቀልድ ብዬ እረሳው ይሆናል።

ድንበር ላይ ሁላችንም ወረድን። የሚያስፈልገንን ብቻ ይዘን ወርደን ነው የተሰለፍነው፤ ዕቃው ባቡሩ ላይ ቀረ። እማማ ጸዳለ ከእኔ ፊት ነበሩ። ፓስፖርት የሚመታው መኮንን ሰው የሚያዋርድ አልነበረም፤ በጨዋ ደንብ ነበር የጠየቃቸው። ማን ዘንድ ነው የሚሄዱት፣ ማን ይቀበልዎታል፣ ስልኩ የታለ? እሳቸው ተደናገጡ። የነበረቻቸው የገበያ አማርኛ ድራሿ ጠፋ። በኽምጣኛ ነበር የመለሱለት፤ እያንዳንዱ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። "የልጄ ስልክ ያለበት ወረቀት ስልቻው አፍ ላይ ተሰፍቷል፤ ስልቻው ባቡሩ ላይ ነው፤ ያ ልጅ ነው የሰቀለው።"

መኮንኑ ቀና ብሎ ሰልፉን አየና "ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው አለ?" አለ።

እዚያ ቆሜ ነበር። ከመኮንኑ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ማለት የነበረብኝ አንድ ቃል ነው። ዝም አልኩ። አለቃዬ አጠገቤ ነበር፤ ከዓመት በላይ የዋሸሁት ሰው ነው። ይህን እንደ ምክንያት ይቆጥሩልኝ ዘንድ አይደለም የምነግርዎ፤ የሸጥኳቸው በምን እንደሆነ እንዲያውቁት ነው። መኮንኑ ጥያቄውን ደገመው። እኔም ዝምታዬን ደገምኩት። እማማ ጸዳለ ዞረው አዩኝ። እጃቸውን ቀስረው "ይኸው ይህ ያውቃል" ቢሉ ያልቅልኝ ነበር። ጣታቸውን አላነሡም። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሡና መሬት መሬት አዩ።

"እኚህ ይቆዩ፣ እናጣራ" ተባለ። የእኔ ፓስፖርት ተመታ። ባቡሩ ጡሩምባውን ነፋ፤ ወጣሁ፤ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ስልቻው ከራሴ በላይ ነበር። ባቡሩ ሲነሣ እማማ ጸዳለ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው አንድ ግንብ ሥር ቆመው በመስኮት አየኋቸው። ሕማማት በመጣ ቁጥር የጴጥሮስ ክህደት ሲነበብ የምሆነውን አጣለሁ። ጴጥሮስ እንኳ ወዲያው ወጥቶ አለቀሰ፤ እኔ አለቃዬ ብስኩት ሲሰጠኝ ተቀብዬ በላሁ።

ጅቡቲ ስንደርስ ልጅቱ መውጫው ላይ ቆማ ነበር። ዙፋን ነው ስሟ፤ ሆዷ ገፍቶ ባሏን ተደግፋ፣ ከሚወጣው ሰው ሁሉ መካከል አንዲት ነጠላ ትፈልጋለች። ስልቻውን ተሸክሜ ፊቷ ቆምኩ። ስልቻውን ገና ስታየው አወቀችው። "እናቴስ?" አለችኝ። "ድንበር ላይ ቆይተዋል። ወረቀት ጎድሏቸው ነው" አልኳት። ይህም ሌላ ውሸት ነው፤ ወረቀቱ እጇ ላይ ባኖርኩት ስልቻ አፍ ላይ ተሰፍቶ ነበር! አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ምን ያደረገች ይመስልዎታል? ትከሻዬን ሳመችኝ። "እንኳን አንተ ኖርክ፤ የእናቴን ዕቃ በሰላም አድርሰህልኛል" አለችኝ። ባሏ ስልክ ቁጥሬን ተቀበለኝ። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ምጥ ያዛት። ምጡ ከባድ እንደነበር፣ "እናቴ" እያለች እንደጮኸች ባሏ ነው በኋላ የነገረኝ። እናቷ ግንብ ሥር ነበሩ። ምስጋና ለፈጣሪ፣ በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ልጅ። ሌላ ነገር ሆኖ ቢሆንስ? የትኛው ንስሐ ይበቃኝ ነበር?

ባልየው ወደ ድንበሩ ደውሎ አስረድቶ እማማ ጸዳለ በሚቀጥለው ባቡር ተሻገሩ። ባልየው እንደነገረኝ፣ መሐል ላይ ያሉትን ሁለት ቀናት ያሳለፉት ጣቢያው ደጃፍ ሻይ የምታፈላ አንዲት ሶማሌ ሴት ዘንድ ነው። የፍየል ወተት ብታቀርብላቸው ጾም ነውና አማትበው እምቢ አሉ፤ ሴትዮዋም ገብቷት ወተቱን አንሥታ ሻይና ዳቦ ሰጠቻቸው። የራሷን ሰሌን አንጥፋላቸው እሷ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። አንዲት ቃል አይግባቡም። ቋንቋቸውን የማታውቅ ሴት አስጠለለቻቸው፤ ቋንቋቸውን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ትቷቸው ሄደ። ያቺን ሴት አላውቃት፣ ስሟንም አልሰማሁ። በጸሎቴ ግን "ያቺን ባለ ሻይ" እያልኩ ሳልጠራት የዋልኩበት ቀን የለም። ኃጢአቴን ከግማሽ ያስቀረችልኝ እሷ ናት።

እኔ ከዚያ ቤት እሸሽ ጀመር። ወር ሲያልፍ ባልየው ወደብ ድረስ መጣ። "አርባ ቀኑ ደርሷል፤ እዚህ ዘመድ የለንም። የክርስትና አባት ሁንልን። አንተ ባትነግረን እናቷ የት እንደቀሩ በምን እናውቅ ነበር?" አለኝ። እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ደግሞ ያው ነው። እሺ አልኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እማማ ጸዳለ ሕፃኑን ታቅፈው ቆመዋል። "አለቀልህ" አልኩ በልቤ፤ ሊጮኹብኝ ነው፣ ሕፃኑን አላስነካህም ሊሉኝ ነው፣ ደግም አደረጉ። እሳቸው ግን በኽምጣኛ "የትኛው ደብር ልጅ ነህ?" አሉኝ። በኽምጣኛ መለስኩላቸው። የአባቴን ስም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "ልጅ ነህ፤ የሚያስፈራህ ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ ነው ጣቴን ያላነሣሁት" አሉኝ። ለልጃቸው ደግሞ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ "ደግ ነው፣ ይያዝልን" ብለው ሕፃኑን ክንዴ ላይ አኖሩት። አልተቆጡኝም፣ አላጋለጡኝም፤ እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገሩም። ጌታዬ፣ ምን የሆንኩ ሰው ነኝና ይህን አደረግህልኝ?

አለቃዬ ያን ዕለት ክርስትናው ላይ ነበር። "እንዴ፣ ቋንቋቸውን አታውቅም አልነበር?" አለኝ። "አውቃለሁ፤ የሰቆጣ ልጅ ነኝ" አልኩት። "ታዲያ ይህ ምኑ ይደበቃል?" አለና ወደ ድግሱ ገባ። በቃ፣ ያን ሁሉ ያደረግኩት ለዚህች ነበር።

ዙፋንና ባሏ በኋላ አገር ገቡ፤ አሁን ሰቆጣ ናቸው። የክርስትና ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። አማርኛውም ኽምጣኛውም አፉ ላይ ይፈስሳል፤ በስልክ ሲያወራኝ አንዱን ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል። አሁን መጸዳጃ ቤት አልገባም፤ ቢሮ መሐል ቆሜ በሰፊው አወራዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ደወለና "አባባ፣ አያቴ በባቡር ሄዳ ነበር አሉ። ንገሪኝ ስላት 'የባቡሩን ነገር የክርስትና አባትህን ጠይቀው፤ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል' አለችኝ" አለኝ።

ሰባት ዓመት ጠበቁኝ። እኔው እንድናገረው ነው የጠበቁኝ። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ከሐፍረቴ ይልቅ ምስጋናዬ በዛብኝ። ለጥምቀት እወጣለሁ፤ ያን ጊዜ እነግርሃለሁ አልኩት።

ስለዚህ እርስዎን ይፍቱኝ አልልም። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ፈራሁ አልልም፣ አለቃዬ አጠገቤ ነበር አልልም። ሰቆጣ ወጥቼ መጀመሪያ ንስሐ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ከዚያ እማማ ጸዳለ እግር ላይ እወድቃለሁ፤ ከዚያ ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ ከባቡሩ መነሻ ጀምሬ ሁሉንም እነግረዋለሁ። ልጅ ነውና ማቋረጡ አይቀርም። መኮንኑ "ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው አለ?" ካለበት ስደርስ "ታዲያ አለ?" ብሎ ይጠይቀኛል። ያን ጊዜ በአያቱ ቋንቋ፣ አያቱ እየሰሙኝ፣ ያን ዕለት የነፈግኳቸውን መልስ እሰጣለሁ። አለ። እኔ አውቃለሁ።