ሞተሩ የታደሰ ሰሞን

ፒካፗ መጀመሪያ የታመመችው ከውጫሌ ማንጎ ጭነን ስንመለስ ነው። ዳገቱ ወገብ ላይ ጉልበት ከዳትና ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች። አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መሪውን ለእኔ ለቆልኛል፤ ከጋቢናው ግን አልወረደም።

“አታስጨንቃት። አቁምና ትንሽ ትተንፍስ” አለኝ።

ዘይት እየጨመርን፣ እየቆምን፣ እንደምንም ከተማችን ሐይቅ ገባን።

መኪናዋን የገዛችልን ታላቅ እህቴ ናት። ልጅ እግር ሳለች ሳዑዲ ሄዳ፣ ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ላከችና ደሴ ላይ ገዛናት። ያኔም አሮጌ ነበረች። አባቴ ግን ከሱብሂ ሶላት መልስ በእርጥብ ጨርቅ ሳያብሳት አይውልም። ማሽላ ጭነንባታል፣ ሽንኩርት ጭነንባታል፣ ሙሽራ አጅበንባታል። አንድ ጊዜ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ካለ መንደር ያመጣናት ሴት ጤና ጣቢያው ሳንደርስ ጋቢናው ውስጥ ተገላገለች። ላጥበው ብዬ ባልዲ ይዤ ስመጣ አባቴ ቀማኝ። ራሱ አጠበው፤ እያጠበም ብቻውን ይስቅ ነበር።

ፒካፗን ያሳየናቸው መካኒክ የአባቴ የድሮ ወዳጅ ናቸው። ለዒድ እሳቸው እኛ ቤት፣ ለጥምቀት እኛ እሳቸው ቤት እንውላለን። ሞተሩን ከፍተው ብዙ ካዩ በኋላ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ አባቴ ዞሩ።

“ውስጡ አልቋል። ያለህ ሁለት መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ደህና ሞተር አስመጥተህ መቀየር አንድ፤ ያኔ ትገላገላለህ። ካልሆነ ይኼንኑ ደሴ ቶርኖ ቤት ወስደን፣ የተበላውን ብረት አስቆርጠን እናድሰዋለን። ይሄዳል፤ ጉልበቱ ግን የዱሮው አይሆንም። ዳገት ላይ ያስለምንሃል።”

እኔ ወዲያው ይቀየር አልኩ። አባቴ እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈ።

በማግስቱ እህቴ በኢሞ ቪዲዮ ደወለች። ወጥ ቤት ውስጥ ሆና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። ነገሩን ስነግራት አላመነታችም።

“ቀይሩት። ውሌ ሊያልቅ ነው፣ ማዳሜም ቆዪ እያለችኝ ነው። አንድ ውል እጨምርና እልክላችኋለሁ።”

“ልትመጪ አልነበር እንዴ?” አላት አባቴ።

“እመጣለሁ አባ፣ ኢንሻአላህ። ከዚህኛው ውል በኋላ።”

ሻሿን ልታስተካክል እጇን ስታነሳ ጣቶቿ በበረኪና ተላልጠው አየሁ። ስልኩ ሲዘጋ አባቴ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

“ፊቷ እንዴት ነው?”

“ደህና ናት።”

“ከስታለች?”

“ትንሽ” አልኩት። የጣቶቿን አልነገርኩትም። ስልኩን ከእጄ ወስዶ፣ የጠፋውን መስታወት በአውራ ጣቱ ሲጠርግ ቆየ።

ጠዋት ጋራዥ ስንደርስ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ “ይታደስ” አለ።

ተናደድኩ። “አባ፣ በየዳገቱ ለምትቆም መኪና ማን ዕቃ ይሰጠናል? የምትጦረን እኮ ይቺው መኪና ናት። አሮጌ ብረት ወደህ ነው?”

አባቴ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ጎማ ላይ ቁጭ አለና በቀስታ ተናገረ።

“ሞተር ብቀይር የምቀይረው በእህትህ ዕድሜ ነው። መኪናዋ ባቅሟ ትሂድ። እኔ ልጄ ትምጣልኝ።”

መካኒኩ ቁልፍ አንስተው ዘረጉልኝ። “በል ያዝ። በዚያ በኩል ያለውን ቡሎን ፍታ” አሉኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት አባቴ እህቴ ጋ አስደወለኝ። ሞተሩ በጆንያ ላይ ተበታትኖ ፊቱ ተዘርግቶ ሳለ፣ “ታድሷል፣ እንደ አዲስ ሆኗል፣ አንቺ ብቻ ነይ” አላት። መካኒኩ ስልኩ እስኪዘጋ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

“አንተ ሰው፣ በጾም ቀን ታስዋሸናለህ።”

“ውሸት አይደለም። ትንሽ አስቀድሜው ነው እንጂ” አለ አባቴ።

ሞተሩ ከደሴ ተመልሶ፣ ተገጥሞ፣ ሲነሳ እንደ ጉንፋናም ሰው እየሳለ ነው። ግን ተነሳ። እህቴም ውሏን ሳታድስ መጣች።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን ተቀበልናት። አባቴ ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉንጯን ግንባሯን ዳበሳት። ቀጥሎ እጇን ያዘ። ሻካራ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሲነካ ዓይኔን ወደ ሌላ መለስኩ።

መሀላችን አስቀመጥናት። የሐረጎን ዳገት ስንጀምር ፒካፗ አቃሰተች። በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን የጭነት መኪኖች ሳይቀሩ ያልፉን ጀመር።

“አባ፣ እንደ አዲስ ሆኗል አላልከኝም?” አለችው።

አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። “ለአዲስም ቢሆን ዳገት ዳገት ነው።”

ሳቀች። ሳቋ ሳይቆም ማልቀስ ጀመረች፤ እሱም አቀፋት። ደሴን ስናልፍ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

“ክላክስ እንዳታደርግ” አለኝ በሹክሹክታ።

ሐይቅ ገብተን ወደ ሰፈራችን ልታጠፍ ስል ክንዴን ያዘኝ። “አትታጠፍ። ቀጥ በል።”

“እናቴ እኮ ዳቦ ጋግራ ቤት እየጠበቀች ነው።”

“ቤት ከገባች ጎረቤቱ ሁሉ ይከባታል፣ መቼ ይተዋታል? ትንሽ ትተኛ።”

ሰፈራችንን አልፌ በውጫሌው መንገድ ቀጠልኩ። የአባቴ ስልክ ጮኸ፤ እናቴ ናት። ስልኩን አፉ ላይ ለጥፎ፣ “ደርሰናል፣ አንቺ ዳቦውን ሸፍኚው” አላት። ሐይቁ በቀኛችን ያበራል። ፒካፗ ሜዳውን በቀስታ ትሄዳለች፤ እህቴም ተኝታለች።