የሆዳን ሳህን

በጓዳ ሥራ እኔን የሚስተካከል አለ እንዳትሉኝ፤ ሳምቡሳ ግን ጉድ ሠራኝ።

ጎረቤቴ ሆዳን የእነሱን ዕርድ እንደማልበላ ስለምታውቅ፣ በየረመዳኑ የምስር ሳምቡሳ ትልክልኛለች። እኛ ሰፈር ደግሞ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ዘንድሮ በሳምቡሳ ልመልስላት ብዬ ጠቀለልኩና ዘይት ውስጥ ከተትኩት። ሁሉም አፉን ከፍቶ ምስሩን ተፋው። አቃተኝ ልበላት? ከዚያስ ብሞት ይሻለኛል! ነጠላዬን ተከናንቤ መንገድ ዳር ካለው ሱቅ ትኩስ ትኩሱን ገዛሁ፤ በሳህኗ ደርድሬ ልክ የማፍጠሪያው አዛን ሲል ቤቷ ደረስኩ።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«ታዲያ ማን ሊሠራልኝ ኖሯል? ብዪና ተማሪ! ያንቺ ሊጡ እንደ ጫማ ሶል ይወፍራል። ሳምቡሳ እንዲህ ስስ ነው የሚሆነው።»

በቴምር አፈጠረችና አንዱን ሳምቡሳ ገመጠች። ቀስ ብላ አላመጠች።

«እውነትዎን ነው እማማ» አለችኝ፣ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፍና። «ለመንገድ ዳሩ ሱቅ ጠብሼ የማስረክበውን በደንብ አሳሳዋለሁ። ለእርስዎ ስሠራ ነው የምሰንፈው።»