ወደ ሱቅ የወረደው ሊጥ

ያን ቅዳሜ በከተማችን ታችኛው ሰፈር በሲቀላ ካለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የነበርነው አራት ነን፦ ታላቅ እህቴ፣ ለገበያ ከጨንቻ የወረደችው አክስታችን፣ ባለሱቁና እኔ። በባልዲ የያዝነውን ሊጥ ከቆጠርነው አምስት።

እህቴ ቤት ውስጥ ዳቦ እየጋገረች ለሁለት ሻይ ቤቶች ታቀርብ ነበር። የቀኝ እጇ አንጓ አብጦ ሐኪም "ማቡካት አቁሚ" ካላት ወዲህ ሥራው ሊቀር ሆነ። መዳኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ነበር፤ ተሳስተን ሌላ የምንገዛበት አቅም ግን አልነበረንም። ስልክ ላይ ኢንተርኔት ገና ብርቅ በነበረበት በዚያ ጊዜ ኢንተርኔት ቤት እየሄድኩ ስለ ማቡኪያ ሁለት ወር ሳነብ ስለከረምኩ ምርጫው ለእኔ ተሰጠ። ቤት ውስጥ "ኢንጂነሩ" ይሉኝ ጀምረው ነበር።

ዘጠኝ ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ሄድኩ።

"የውስጡ የማርሽ ጥርስ ብረት ነው?" አልኩት ባለሱቁን።

"ብረት ነው።"

"አንዳንዱ ፕላስቲክ ነው ይላሉ።"

"ከፈለግክ ፕላስቲክ ነው፣ ወንድሜ።"

ሊጡን የያዝኩት እንዲህ ያለ መልስ ፈርቼ ነው። ጠዋት ሁለት ኪሎ ዱቄት በሚዛን ለክቼ፣ እህቴ አጠገቤ ቆማ እያዘዘችኝ፣ ክንዴ እስኪዝል አሸሁት። ቤታችን ካለበት ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ በባጃጅ ስንወርድ በሙቀቱ ኩፍ ብሎ የባልዲውን ክዳን ገፍቶ ጣለው።

"ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ ስትገዛም ካልዋኘልኝ ትላለህ?" አለኝ ባለሱቁ ባልዲውን ሲያይ። ቢሆንም ሁለት ማሽን ሰካልን። አንዱ እኔ ገና ከበር የመረጥኩት፣ የሚያብረቀርቅ ቀይ፤ ሌላው አቧራ የጠጣ ከባድ ግራጫ። ሊጡን ለሁለት ከፍለን ሰጠናቸው፤ ሁለቱም ያለ ድካም አዞሩት። ወረቀቴ ላይ እኩል ነጥብ ጻፍኩላቸው።

አክስቴ ሊጡን በጣቷ ጫን አደረገችው።

"አንተ፣ ይሄ እኮ ታሽቶ ያለቀ ነው! አንተ ጨርሰኸው መጥተህ ማሽኑ ምን ይሥራ?"

እህቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ከጎረቤት ሱቅ ዱቄት ገዝታ በሁለቱም ላይ ሦስት ሦስት እፍኝ ጨመረች። ቀዩ ሊጡን መንጠቆው ላይ ጠቅልሎ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሲገሰግስ ባለሱቁ በሁለት እጁ አቀፈው።

"ተወው ልጄ፣ ቤቱ ሊሄድ ነው" አለች አክስቴ።

ግራጫው አጉረመረመ እንጂ ካለበት ንቅንቅ አላለም። እህቴ ያበጠ እጇን አናቱ ላይ አሳርፋ ዱቄቱ ሊጥ ውስጥ እስኪጠፋ ጠበቀች። "ይሄ ነው" አለች። ወረቀቴን ማንም አልጠየቀኝም።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ሻይ ቤቶች ዳቧቸው ደረሳቸው። እህቴ ያን ቀን ማሽኑ አጠገብ ወንበር ስባ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር።

የጎደለኝ አንድ ነገር ነው። ቀዩን ስናባርር ሰዓቴን ስላላየሁ፣ ግራጫው ያን ደረቅ ሊጥ በስንት ደቂቃ እንደጨረሰው አልመዘገብኩም። እህቴ አራት ትላለች፤ አክስቴ ሰባት። እዚያ የነበራችሁ፣ የምታስታውሱትን ጨምሩበት። አንተም ባለሱቁ፣ ይህን ካነበብክ፣ ቀዩን በመጨረሻ ማን እንደወሰደው ንገረኝ።