የእማማ ትርሐስ ድንጋይ

ያለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ኒሯቅ አቅራቢያ፣ እማማ ትርሐስ መጥተው ገመዳችን ላይ ተቀመጡ።

ሥራችን መሬት ማንኳኳት ነው። ሲሳይ መሬት ላይ የተነጠፈ ብረት በመዶሻ ይመታል። በገመድ ተያይዘው መሬት ላይ የተተከሉት መስሚያዎች ንዝረቱን ይቀበላሉ። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ከሥር ያለውን ድንጋይ አያለሁ።

የምንፈልገው ድሮ እዚህ ባሕር በነበረበት ዘመን ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩትን፣ ዛሬ የተቀበረውን የኖራ ድንጋይ ጉብታ ነው። ስንጥቁና ዋሻው ውኃ ይይዛል። ለቀበሌው የሚቆፈረው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው... ከሳትነው ሌላ የለም።

ጉብታው ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ ማለት የጀመረው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ላይ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የእማማ ባል መቃብር አለ።

«እማማ፣ አጥሩን አናልፍም። ጥቂት ምት ብቻ ነው» አልኳቸው።

«ዕድሜውን ሙሉ ሲደክም ኖሮ ገና አሁን ነው የተኛው። አታንኳኩበት፣ ልጄ።»

«ለውኃ እኮ ነው።»

«ከወንዝ የምቀዳው እኔ አይደለሁ? እኔ አልደከመኝም!»

ቅቤ የጠጣ ነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ነጭ ድንጋይ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩልኝ። መቃብሩ ሲቆፈር የወጣ ነው። ማታ ከራስጌያቸው አይለይም።

እኔ ደግሞ የሙያ ልማድ አለብኝ። ድንጋይ እጄ ከገባ እልሰዋለሁ... ሲረጥብ ውስጡ ይታያል። ሳላስበው ላስኩት። የማር እንጀራ የመሰለ ኮራል ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ቀና ስል የእማማ ዓይን እንባ ሞልቷል።

«እኔም ጠዋት ጠዋት እስመዋለሁ» አሉ። «ሰው አብዳለች እንዳይለኝ እየተደበቅሁ።»

ሲሳይ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት።

እማማ ድንጋያቸውን ተቀብለው ተነሡ።

«በሉ፣ ቀስ አድርጋችሁ። እኔ እነግረዋለሁ።»

መቃብሩ ዘንድ ሄደው መዳፋቸውን አፈሩ ላይ አሳረፉና በኽምጣኛ አንድ ነገር አንሾካሾኩ። ከዚያ በእጃቸው «ቀጥሉ» አሉን። ሲሳይ እንደዚያ ተጠንቅቆ መዶሻ ሲያነሣ አይቼው አላውቅም።

ጉብታው ከአጥሩ ርቆ፣ ቁልቁል ወደ ማሳው ይቀጥላል። እዚያ፣ መቆፈሪያው ቦታ ላይ፣ ችካል ተከልን።

ወደ ሰቆጣ ስንመለስ ሲሳይ መኪና ውስጥ ወደ እኔ ዞረና...

«ቆይ፣ የባሕር ድንጋይ ጨው ጨው ይላል እንዴ?» አለኝ።

«ቅቤ ቅቤ ይላል» አልኩት።