ሠንጠረዡ ላይ የወጣው መርዶ

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። አገር ቤት እናቱ የሞተችበት ሰው ዴንቨር ይኑር አውሮራ፣ ለራሱ በቀጥታ የሚደውልለት ዘመድ የለም። የሚደወለው ለእድሩ ነው። እድሩ ሽማግሌ ይመርጣል፣ ጎረቤት በጎን ይነገረዋል፣ በማለዳ ሰውየው ሥራ ሳይወጣ በሩ ይንኳኳል። ግራና ቀኝ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ከተቀመጠ በኋላ ነው አፍ የሚከፈተው። አሜሪካ ስንቱን አስጥሎናል፤ ይህን ግን አላስጣለንም። አባቴ የሞተ ጊዜ የተንኳኳው የእኔው በር ስለነበር ነገሩን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው። መሃል ዴንቨር ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሠንጠረዥ ስሠራ እውላለሁ ብል ይቀላል። መረጃው ከሆነ ቦታ ይመጣል፤ እኔ በረድፍ በረድፍ አድርጌ ሰው እንዲያየው አደርጋለሁ። ይህ የሆቴል ክፍል ባዶ ነው፣ ያኛው ተይዟል፣ ያኛው እየተጸዳ ነው። እዚያ አንድ ነገር ሲለወጥ እዚህ ሠንጠረዡ ራሱን ያድሳል። እንዲህ ስል ለሰው ቀላል ይመስላል፤ ይምሰል፣ ምን ቸገረኝ።

የእድራችን ሊቀ መንበር አንድ ቅዳሜ ከስብሰባ በኋላ ጠሩኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። "ልጄ፣ በስልክ ስንጠራራ ለቅሶው እያመለጠን ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንዱ ኤርፖርት ሺፍት ላይ ነው፣ አንዷ ሆስፒታል ናት፣ ሌላው መኪና እየነዳ ስልክ አያነሳም። ወሬው ዞሮ ዞሮ ሲደርስ ድንኳኑ ተነሥቷል። "ለሆቴል የምትሠሪውን ለእኛም ሥሪልን እንጂ" ሲሉኝ እንዴት እምቢ ይባላል? እሺ አልኩ።

ቅዳሜና እሁዴን ሠውቼ ሠራሁት። የእድሩ ጸሐፊ በስልኩ ይጽፋል፤ ገጹ በየደቂቃው እየሄደ አዲስ ነገር ካለ ያመጣል፤ ያመጣውንም ከላይ በቢጫ ረድፍ ያሳያል። የሐዘንተኛው ስም፣ ማን እንዳረፈ፣ ለቅሶው የት እንደሆነ። ማንም ምንም ቁልፍ መንካት የለበትም። አዳራሽ ውስጥ ላሳያቸው ስቆም ጸሐፊው ጥግ ላይ ሆኖ "ሙከራ" ብሎ ጻፈ፤ ትንሽ ቆይቶ የሁሉም ስልክ ላይ ቢጫዋ ረድፍ ብቅ አለች። አቤት ጭብጨባው! አንዲት እናት "እንግዲህ አልሰማሁም ብሎ ለቅሶ መቅረት የለም በይኛ!" ብለው አዳራሹን አሳቁት። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ያን ቀን ስልካቸውን አምጥተው "ለእኔም ጫኚልኝ" ካሉኝ አንዷ አበ ልጄ ናት፤ ልጄን ክርስትና ያነሣችልኝ። ቻምበርስ ሮድ አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ። ሎውሪ ሰፈር ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ለቅሶ ቤት ድስት ተሸክማ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ስለሆነች፣ እረፍት በወጣች ቁጥር ገጹን ትከፍታለች። እናቷ ደሴ ናቸው። ስትደውልላቸው አጠገቧ ካለሁ "ያቺን ልጄን አገናኚኝ" ብለው ከእኔም ጋር ያወሩ ነበር። ከታመሙ ከርመዋል። አንድ ልጃቸው እሷ ናት፤ ሌላ ወንድም እህት የላትም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ውስጥ ነኝ። የእድሩ ገጽ በጎን ባለው ስክሪን ላይ ሁልጊዜም ክፍት ነው። ቢጫ ረድፍ ብቅ አለች። የአበ ልጄ ስም። ያረፉት፦ እናት። መርዶ፦ ነገ ማለዳ።

መጀመሪያ ያነባሁት ለእናትየው ነው። "ልጄ" ይሉኝ የነበሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ነው ድንጋጤው የመጣው። ይህ ረድፍ እሷ ስልክ ላይም አለ! በገዛ እጄ ጭኜላት!

ጸሐፊው ጋ ደወልኩ። ሹፌር ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ቀልደኛ፣ በሰው ሐዘን ከዘመድ በላይ የሚሮጥ። ያን ቀን ግን አልራራሁለትም።

"አንተ፣ ጤና የለህም? መርዶ ሳይነገር ሠንጠረዥ ላይ ታወጣለህ?"

"እንዴ! ለኮሚቴው እኮ ነው የጻፍኩት።"

"የምን ኮሚቴ! ሁሉም ያየዋል። እሷም ታየዋለች!"

"ወላሂ! ወላሂ አላሰብኩትም!" አለ። ስንት ዓመት ሙሉ ከደሴም ይሁን ከጎንደር ሲደወልለት መጀመሪያ የሚያደርገው በኪሱ ደብተር ላይ መጻፍ ነበር። እስኪነጋ ደብተሩ ኪሱ ውስጥ ያድራል፣ ማንም አያየውም። አሁንም እጁ የለመደውን ነው ያደረገው።

"አጥፋው!" አልኩት። አጠፋው። እኔ ስክሪን ላይ ግን ቢጫዋ ረድፍ ንቅንቅ አላለችም። ለካ የሠራሁት እንደዚያ ነው። ብዙዎቹ አባሎቻችን ኔትወርክ በማይገባበት ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ሲሠሩ ነው የሚውሉት፤ ስለዚህ ገጹን አንዴ ያመጣኸውን እንዳትጥል፣ አዲስ ካጣህ የድሮውን አሳይ ብዬዋለሁ። ማምጣት አስተምሬዋለሁ፤ የጠፋውን ማንሣት ግን አላስተማርኩትም። ቁጭ ብዬ ኮዱን ከፈትኩ። ባመጣ ቁጥር ሠንጠረዡን ጠራርጎ እንደ አዲስ እንዲሥለው አደረግኩ። ሌላ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ የምጽፈው ነገር ነው፤ ያን ቀን ሦስቴ አራቴ አበላሸሁት። አጠገቤ የሚሠራው ልጅ ደህና ነሽ ወይ ሲለኝ ሰው ሞቶብኛል ብዬ ዝም አሰኘሁት። በመጨረሻ ረድፏ ከስክሪኑ ላይ ጠፋች።

ከሰው ዓይን ግን አልጠፋችም። ስልኬ ይጮህ ጀመር፤ "እውነት ነው እንዴ?" የሚል ብቻ። "በፈጠራችሁ ዝም በሉ፣ እንዳትደውሉላት" እያልኩ መለስኩ። እሷ ጋ ስደውል አታነሣም። ጨነቀኝ። ብቻዋን፣ በማታውቃቸው ሰዎች መሃል፣ ኮሪደር ላይ ስልኳን ይዛ ስትወድቅ እየታየኝ ጋሼ ጋ ደወልኩ።

ጥቂት አሰቡና "ሂጂና ከሥራ አምጫት" አሉኝ። "ካየችው ራሷ ትነግርሻለች። ካላየችው ግን አንቺ አትነግሪያትም። ነገ በማለዳ እንመጣለን። እስከዚያ ብቻዋን እንዳትተያት፤ ፊትሽንም ተጠንቀቂ።"

ሎውሪ እስክደርስ ፊቴን በመስታወት እያየሁ ነው የነዳሁት። መኪናውን ፓርክ አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ። ሥራ ጨርሳ ወጣች፤ ያው የሥራ ልብሷን ለብሳለች።

"ምነው ዛሬ? ሥራ አባረሩሽ እንዴ?" አለችኝ።

"በዚህ ሳልፍ ነው። ስልክ አታነሺም እንዴ?"

"ተይኝ እባክሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ ባትሪው አልቋል። ቻርጀሬን ቤት ረስቼው።"

እፎይ! አላየችውም ማለት ነው። እናቷ የሞተችባትን ሰው መኪና ውስጥ አስቀምጬ በሆዴ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር። መንገዱን ሙሉ ስታወራ መጣች፤ ሾርባ አልበላም ስላሉ አንዲት አሮጊት፣ እየለመነች በማንኪያ ስላበላቻቸው። እኔ እህ፣ እህ እላለሁ። ልጄ ያን ሌሊት አባቷ ጋ ነበረች፤ ቤቴ ማሞቂያው ተበላሽቶብኛል፣ አንቺ ጋ ልደር ስላት ለምን እንኳ አላለችኝም። እራት በላን። ቀድማ ተኛች።

በማለዳ በሩ ሲንኳኳ ከሶፋው ላይ ከመነሣቴ በፊት እሷ ከፈተችው። ለብሳለች፤ መቼ እንደተነሣች አልሰማሁም። ጋሼ ገቡ፣ ጸሐፊው ገባ፣ ከእድሩ ሁለት እናቶች ተከተሉ። ተቀመጡ። እናቶቹ ግራና ቀኟን ያዙ። ጋሼ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩ፤ ሥራ እንዴት ነው፣ ብርዱስ፣ ጤናሽስ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጋሼ፣ አይድከሙ" አለች። "ትናንት አይቼዋለሁ።"

ጸሐፊው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ "ስልኬ ባትሪው አልቋል አላልሽኝም?" አልኩ፤ ቁጣ ይሁን ልቅሶ እኔም አላውቀውም።

"ያንን ፊትሽን ይዘሽ በር ላይ ቆመሽ ሳይሽ ነው" አለችኝ። "ስልኬ ይሠራል ካልኩሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። እንድትነግሪኝ አልፈለግኩም።"

ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

"እረፍት ወጥቼ ስከፍተው የእኔ ስም አለ፤ እናት ይላል። ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ስከፍተው የለም። ጠፍቷል! ባስስ፣ ባስስ የለም። እንግዲያው ተሳስተው ነው፣ የሌላ ሰው ነው፣ ስሕተቱን አይተው አነሡት አልኩ። አሮጊቷንም ያበላሁት እንደዚያ እያልኩ ነው። ሌሊቱንም እንደዚያ እያልኩ አደርኩ።"

ጠራርጎ እንደ አዲስ ይሣል ያልኩት ሠንጠረዥ፣ ሦስቴ አራቴ አበላሽቼ የጻፍኩት ነገር፣ እናቷን አንድ ሌሊት በሕይወት አሳድሮላታል።

"ስሕተት ባይሆን አይጠፋም ነበር እኮ" አለች፣ የጋሼን እጅ ይዛ። "አይደል ጋሼ? ለዚህ ነው የመጣችሁት፣ አይደል? ተሳስተን ነው ልትሉኝ?"

ጋሼ በዚህ አገር የስንቱን ሰው በር አንኳኩተዋል። እንዲህ ተብለው ሲጠየቁ ግን አይቼ አላውቅም። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"አይደለም ልጄ" አሏት። "እናትሽ አርፈዋል።"