ከነፕላስቲኩ

ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ሁለት ዓመት ሥራ ስታጣ፣ አጎቷ ቤት መጠሪያዋ «አልጋ ጠባቂ» ሆኖ ነበር። ኮረብታው ላይ በነጻ ችግኝ ከሚተክሉ ወጣቶች ጋር ከተቀላቀለች ወዲህ ማለዳ የምትነሳበት ምክንያት አገኘች። አጎቷ ግን በዚህም አልረካም፤ «ደጃችንን ሳትጠርግ ጋራ ታለብሳለች» ይል ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ችግኞቹ ጠወለጉ። አንዱን ነቅላ ብታየው ሥሩ እንደታፈነ ነው፤ ጥቁሩ ፕላስቲክ አልወለቀለትም። ፎቶ ለመነሳት በተጣደፉበት ቀን መቶ ያህሉ ከነፕላስቲካቸው ተቀብረዋል። ለቡድኑ አለቃ ነገረችው።

«ዝም በይ» አላት። «ሪፖርቱ ገብቷል። አሁን ብናወጣው መሳቂያ ነው የምንሆነው።»

በማግስቱ ብቻዋን መጥታ፣ አንድ በአንድ እያወጣች፣ ፕላስቲኩን በምላጭ እየቀደደች መልሳ ትተክል ጀመር። መንገደኞች «የችግኝ ሌባ!» ብለው ጮኹ፤ አጎቷንም ጠርተው አመጡት። እሱም አያትና «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ሲል የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። አለቃውም ደረሰ።

«አሁኑኑ ካላቆምሽ ከቡድኑ ተባረሻል። ሁለተኛ እዚህ ድርሽ እንዳትዪ!»

ከዚህ ኮረብታ ሌላ መዋያ እንደሌላት ታውቃለች።

«ገና አርባ ስድስት ይቀረኛል» አለችው። «ስጨርስ አባርረኝ።»

ጎንበስ ብላ ቀጣዩን ጉድጓድ መማስ ጀመረች። ከቆሙት አንድም ሰው አላገዛት።